ሥራ ከመልቀቅ በፊት የሚደረግ የጤና ምርመራ፦ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 11 ዓመት ሠርተዋል፤ የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት በሽመና ክፍል፣ የቀሩትን 6 ዓመታት ደግሞ ጥጥ በሚበጠርበት በካርዲንግ ክፍል። ከወንድማቸው ጋር የእንጨት ሥራ ለመጀመር ስላሰቡ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጡ 11 ቀን ሆኗቸዋል። የፋብሪካው ክሊኒክ የደም ግፊታቸውንና ክብደታቸውን ለክቶ «ጤነኛ» የሚል ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሰጥቷቸዋል። የሰው ሀብት ክፍሉም ከክሊራንሱ ጋር «በሙሉ ጤንነት ለቅቄያለሁ፣ ወደፊትም ከጤና ጋር የተያያዘ ጥያቄ አላነሣም» የሚል ቅጽ እንዲፈርሙ ጠይቋቸዋል። እርሳቸው ግን ሰኞ ሰኞ ደረታቸውን ጭንቅ ይላቸዋል፣ ማታ ማታ ደግሞ ጆሯቸው ይጮኻል። ሌላ ምርመራ የመጠየቅ መብት አለኝ ወይ፣ የትኛውን ምርመራ ልጠይቅ፣ ወጪው የማን ነው፣ ቅጹንስ ልፈርም ወይስ ልተው ብለዋል።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሣ። ቅጹን አሁን ባለበት ሁኔታ አይፈርሙ። ይህን የምለው ከፋብሪካው ጋር ሙግት እንዲገጥሙ ፈልጌ አይደለም፤ ቅጹ ማንም ያልመረመረውን ነገር እርስዎ በፊርማዎ እንዲያረጋግጡ ስለሚጠይቅ ነው። ግፊትና ክብደት መለካቱ መልካም ነው፤ ማንኛውም አዋቂ ሰው በየጊዜው ሊያደርገው ይገባል። ነገር ግን 6 ዓመት የጥጥ ብናኝ ሲተነፍስ የኖረ ሳንባ በሚዛን ላይ አይታወቅም፤ 5 ዓመት በማሽን ጩኸት ውስጥ የቆየ ጆሮም በግፊት መለኪያ አይለካም። ምርመራ የሚመረጠው ሠራተኛው ከተጋለጠበት ነገር ተነሥቶ ነው። በዚህ ረገድ የተሰጠዎት ወረቀት ጤነኛ መሆንዎን አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ግፊትዎ በዚያን ቀን ስንት እንደነበረ ብቻ ነው።

ሥራ ሲለቁ የሚደረግን ምርመራ እኔ የማየው እንደ ወሰን ድንጋይ ነው። ሁለት ማሳዎች በሚዋሰኑበት ቦታ ድንጋዩ ከተተከለ፣ ከወዲህ ያለው የማን፣ ከወዲያ ያለው የማን እንደሆነ ከዓመታት በኋላ እንኳ አያከራክርም። ካልተተከለ ግን አራሹ ሁሉ በየራሱ አቅጣጫ ይገፋል። ከዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ሸማኔ ወደ እኔ መጥተው ነበር። ፋብሪካውን ለቀው 4 ዓመት በወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ኦዲዮግራማቸው፣ ማለትም የመስማት ምርመራ ውጤታቸው ሥዕል፣ በጩኸት የተጎዳ ጆሮ የሚያሳየውን ጉድጓድ በግልጽ ያሳያል፤ ነገር ግን ጉድጓዱን የቆፈረው የሽመና ማሽኑ ይሁን ወፍጮው መናገር አልቻልኩም። ፋብሪካውን ሲለቁ የተለካ አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ በአምስት ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ ነበር። እርስዎም ከፋብሪካ ወጥተው ወደ እንጨት መሰንጠቂያ ስለሚገቡ፣ ማለትም ከአንድ ጩኸትና ብናኝ ወጥተው ወደ ሌላ ጩኸትና ብናኝ ስለሚሄዱ፣ የእርሳቸው ዕጣ እንዳይደርስብዎ እሰጋለሁ።

ከጆሮ እንጀምር። በሽመና ክፍል፣ በተለይም መወርወሪያ ባላቸው የቆዩ ማሽኖች ዘንድ፣ ድምፁ ከ95 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። በብዙ ቦታ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው መጠን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ ሳይጎዳ ሊቆይ የሚችልበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ94 ዴሲቤል ውስጥ የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። የሚያስፈልግዎ ምርመራ ኦዲዮሜትሪ ይባላል። ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ማዳመጫ ይደረግልዎታል፣ ከ500 እስከ 8000 ሄርዝ ድረስ ቀጫጭንና ወፋፍራም ድምፆች በየተራ ይለቀቃሉ፣ እርስዎም በሰሙ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ። የጩኸት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በ4000 ሄርዝ አካባቢ ይጀምራል። የሰው ንግግር በዋነኛነት ከዚያ በታች ስለሆነ ሠራተኛው ለረጅም ጊዜ «እሰማለሁ» ይላል፤ ቤተሰቡ ግን ቴሌቪዥኑን ለምን እንደሚያስጮኸው ግራ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው፣ ከሥራ በቀጥታ ተነሥተው ከሄዱ ጆሮዎ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ ውጤቱ ከእውነተኛው የከፋ ሆኖ ይታያል፤ ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ርቀው መቆየት አለብዎት። ሁለተኛው፣ በጩኸት የመጣ የመስማት ጉዳት ጩኸቱ ሲቆም እርሱም በአመዛኙ ባለበት ይቆማል፤ ወደ ኋላ አይመለስም፣ በዚያ ምክንያት ወደ ፊትም አይሄድም። ስለዚህ በመልቀቂያ ሰሞን የተለካ ጆሮ የፋብሪካውን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይዟል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው የዕድሜ ወይም የሌላ ሥራ ነው። ለፋብሪካው የሰው ሀብት ክፍልም ይህንኑ ሊነግሯቸው ይችላሉ፤ የነገው የእንጨት መሰንጠቂያ ጩኸት በእነርሱ ስም እንዳይመዘገብ የሚጠብቃቸው ይኸው ወረቀት ነውና።

ወደ ደረትዎ ስንመጣ፣ «ሰኞ ሰኞ» ብለው መጻፍዎ በደብዳቤዎ ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ ለሐኪም የሚጠቅመው ነው። የጥጥ ብናኝ የሚያስከትለው ቢሲኖሲስ የተባለው የሳንባ ሕመም ከሌሎች የሚለየው በቀኑ ነው። ሠራተኛው በዕረፍት ቀኑ ደህና ይሆናል፤ ወደ ሥራ በተመለሰበት የመጀመሪያ ቀን፣ ሥራ ከገባ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደረቱ ይጠብቃል፣ ይተነፍሳል ግን አይረካም፤ በማግስቱ ይሻለዋል። ሰውነት ከብናኙ ጋር በሳምንቱ ውስጥ ለጊዜው ስለሚላመድ ማክሰኞና ረቡዕ ሕመሙ ይደበቃል። ደረጃውም በዚሁ ይታወቃል፦ አልፎ አልፎ ሰኞ ብቻ የሚሰማ ጅማሬ ነው፤ ሁልጊዜ ሰኞ የሚሰማ ገፍቷል፤ ከሰኞ አልፎ ወደ ሌሎቹ ቀናት ከተሻገረ ደግሞ የበለጠ ገፍቷል፤ በመጨረሻም የትንፋሽ እጥረቱ ሥራ ባይኖርም የማይለቅ ይሆናል። ሥራ ሲለቁ ሐሙስ ዕለት ተጠርተው ቢመረመሩ ምንም ላይታይ ይችላል። ከለቀቁ ከወር በኋላ ቢመረመሩም እንዲሁ።

የሚያስፈልገው ስፒሮሜትሪ፣ ማለትም የትንፋሽ ልክ ምርመራ ነው፤ እርሱም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ወደ ካርዲንግ ክፍል ከመግባትዎ በፊት፣ አፍንጫዎ በመቆንጠጫ ይያዝና አየር እስከሚችሉት ድረስ ስበው በአንድ ጊዜ በኃይል ወደ ቱቦው ይተነፍሳሉ፤ መርማሪው «ግፋ፣ ግፋ፣ አታቋርጥ» እያለ አጠገብዎ ይቆማል። ቢያንስ ሦስት ትክክለኛ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም የሁለቱ የተሻሉት ልዩነት ከ0.15 ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ሙከራው ይደገማል። ከዚያም ሥራዎን ሠርተው ፈረቃው ሲያበቃ፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ልብስዎን ሳይቀይሩ ተመልሰው ያንኑ ይደግማሉ። የምንመለከተው በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ውስጥ የወጣውን አየር ነው። ለምሳሌ ጠዋት 3.10 ሊትር የነበረው ከሰዓት በኋላ 2.75 ቢሆን፣ ቅናሹ ከ11 በመቶ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ምደባ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያለው ቅናሽ ቀላል፣ ከ10 እስከ 20 ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ይባላል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይተዉ፤ የሚጠቀሙት የአስም መንፊያ ካለም አስቀድመው ለመርማሪው ይንገሩ።

ብዙ ድርጅቶች «ሳንባን መረመርን» ሲሉ ራጅ አነሣን ማለታቸው ነው። ራጅ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለድንጋይ ብናኝ ጠባሳ፣ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለብዎም መነሣት ይኖርብዎታል። ቢሲኖሲስ ግን በራጅ ላይ የራሱ የሆነ ምልክት የለውም። ንጹሕ ራጅ ይዘው «ሳንባዎ ደህና ነው» ከተባሉ፣ ምናልባት እውነት ነው፣ ምናልባትም አይደለም፤ ለእርስዎ ሥራ ትክክለኛውን ጥያቄ አልጠየቁትም።

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ግን የሥራ ታሪክዎ ይቀድማል፤ እርሱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር በየትኛው ክፍል፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በስንተኛው ፈረቃ እንደሠሩ፣ ማሽን ሲጠርጉ የተጨመቀ አየር ይጠቀሙ እንደነበር፣ የአፍ መሸፈኛውና የጆሮ መከላከያው በእርግጥ ይሰጥ እንደነበርና ምን ዓይነት እንደነበር ዛሬ ቁጭ ብለው ይጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ አያስታውሱትም። አሠሪው ሲለቁ በነፃ ሊሰጥዎ የሚገባው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሠሩትን የሥራ ዓይነት፣ የቆዩበትን ጊዜና ደመወዝዎን መግለጽ አለበት። «ኦፕሬተር፣ 11 ዓመት» የሚል ማስረጃ ለቀጣይ አሠሪ ይበቃ ይሆናል፤ ለሐኪም ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «5 ዓመት በሽመና ክፍል፣ 6 ዓመት በካርዲንግ ክፍል» ተብሎ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። አንድ መስመር ናት፤ ስትጻፍ የሚከብደው የለም፤ ከሌለች ግን ኋላ በምስክር የሚፈለግ ነገር ትሆናለች።

መብቱንና ወጪውን በተመለከተ፣ እኔ ሐኪም እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ለክርክር የሚሆነውን የሠራተኛ ማኅበርዎ ወይም ጠበቃ ይንገርዎት። የምሠራበትን ያህል ግን ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ ለአዲስ ተቀጣሪዎች፣ እንዲሁም በአደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ፣ በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ከዚህ ውጭ ነው። አንቀጹ ሥራ ለቃቂውን ለይቶ በስም አይጠራም። ይህ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ። የእርስዎ ሁኔታ ግን በክፍተቱ ውስጥ አይወድቅም፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ ሰጡ እንጂ ገና አልለቀቁም። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ በብናኝ ውስጥ የሚሠሩ፣ የሕመም ምልክትም የታየብዎ ሠራተኛ ነዎት። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ቃል ከዚህ የበለጠ የሚሠራበት ቦታ አይታየኝም። ከ30ኛው ቀን በኋላ ግን የሚጠይቁት እንደ ቀድሞ ሠራተኛ ነው፤ ያኔ በሩ ጠበብ ይላል።

ሌሎች አገሮች ይህን በር ክፍት እንዲሆን ጽፈውታል። የደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጤናና ደህንነት ሕግ (እ.ኤ.አ. 1996) በሕክምና ክትትል ሥር የነበረ ሠራተኛ በማንኛውም ምክንያት ከማዕድኑ ሲለቅ የመልቀቂያ ምርመራ እንዲደረግለትና የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያስገድዳል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የሙያ በሽታዎች መከላከያ ሕግ ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል፦ ለጎጂ ነገር የተጋለጠ ሠራተኛ የመልቀቂያ ምርመራ ሳይደረግለት አሠሪው ውሉን ሊያቋርጥ አይችልም። ይህን የማነሣው በእኛ አገር ፋብሪካ የከፈቱ በርካታ የቻይና ኩባንያዎች ስላሉ ነው። ለእነርሱ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በአገራቸው የሚያውቁት ግዴታ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ይህን ያህል ይበቃል፦ «ከሽመና ክፍል ጀምሮ እስከ ዛሬ በካርዲንግ ክፍል በሠራሁባቸው 11 ዓመታት ለጩኸትና ለጥጥ ብናኝ የተጋለጥኩ በመሆኔ፣ በሥራ መጀመሪያ ቀን የደረት መጥበብ፣ እንዲሁም የጆሮ ጩኸት ስለሚሰማኝ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜዬ ሳያልቅ የኦዲዮሜትሪና የስፒሮሜትሪ ምርመራ በድርጅቱ ወጪ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት፣ አንዱን ለሰው ሀብት ክፍሉ ይስጡ፣ ሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ ይስፈር። ፋብሪካው መሣሪያው ከሌለው ሪፈራል ሆስፒታል ይላክዎት። መልስ ካጡ ለአካባቢዎ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ፤ እንዲህ ያለውን ማየት ሥራው ነው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ቀኑ የሚያልቅ ከመሰለዎት ግን አቅምዎ በፈቀደ በራስዎ ከፍለው ይመርመሩና ደረሰኙን ይያዙ። ገንዘቡ በኋላ ይጠየቃል፤ ያለፈ ሰኞ ግን አይመለስም።

ከምርመራው በኋላ ሙሉ ውጤቱ፣ ቁጥሩና ሥዕሉ ጭምር፣ በእጅዎ መግባት አለበት። አሠሪው ማወቅ የሚገባው ሐኪሙ የደረሰበትን መደምደሚያ እንጂ የግል የጤና ታሪክዎን በሙሉ አይደለም። ቅጹን በተመለከተ ደግሞ፣ ክሊራንስ ማለት የተረከቡትን ቁልፍ፣ የደንብ ልብስና ዕዳ ማወራረድ ነው፤ ለዚህ ያለ ችግር ይፈርሙ። የጤናውን ዐረፍተ ነገር ግን ይሰርዙት፤ ካልተፈቀደልዎ «የኦዲዮሜትሪና የስፒሮሜትሪ ምርመራ ጠይቄ አልተደረገልኝም» ብለው በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙ። የመጨረሻ ክፍያዎ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ሕጉ ይህ ጊዜ እንዲራዘም የሚፈቅደው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ሲዘገይ ነው፤ የጤና ቅጽ አለመፈረም እዚያ ውስጥ አልተጻፈም። ደግሞም አዋጁ ውል በስምምነት በሚቋረጥበት ጊዜ እንኳ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ቢተው ሕጋዊ ውጤት እንደማይኖረው ስለሚናገር፣ ቀድመው ፈርመው ከሆነም ሁሉ ነገር አልቋል ብለው አይቀመጡ።

ውጤቱ ጉዳት ካሳየ ምን ይሆናል? በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ሕጉ የአደጋው ቀን አድርጎ የሚቆጥረው ሠራተኛው መሥራት ያቃተውን የመጀመሪያ ቀን ወይም በሽታው በሐኪም መጀመሪያ የታወቀበትን ቀን ነው። ሐኪሙ «ቢሲኖሲስ» ወይም «በጩኸት የመጣ የመስማት ጉዳት» ብሎ ቀን የጻፈበት ወረቀት ስለዚህ ተራ ወረቀት አይደለም። የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ ሕክምናውና ካሳው ከዚያ ይከተላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የይርጋ ጊዜዎች፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልባቸው የጊዜ ገደቦች፣ አጭር ናቸው፤ እንደ ጥያቄው ዓይነት 3 ወር፣ 6 ወር ወይም 1 ዓመት። ወረቀቱን አግኝተው ሳጥን ውስጥ እንዳያኖሩት።

በሌላ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎች ይህን እንዳለ ለራሳቸው እንዳይወስዱት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ቀኑ እንደ መርዙ ይለያያል። ባትሪ በሚያድሱ ሰዎች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከሥራ ከወጡ ከብዙ ወራት በኋላ የሚደረገው የደም ምርመራ ያሳንሰዋል፤ በአጥንታቸው ውስጥ ያለው ግን ለዓመታት ይቆያል። በአበባ እርሻ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሰዎች የኮሊንኤስተሬዝ (ፀረ ተባዩ የሚያዳክመው የደም ኢንዛይም) ምርመራ የሚጠቅማቸው በመጀመሪያ ያልተጋለጡበት ጊዜ ልካቸው ተለክቶ ከነበረ ነው። ድንጋይ የሚፈጩና የሚጠርቡ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማቸዋል፦ የሲሊካ ብናኝ ጠባሳ ሥራውን ከተዉ ከ10 ዓመት በኋላም ሊወጣ፣ ሊብስም ይችላል። ስለዚህ የመልቀቂያ ራጃቸው ንጹሕ ቢሆንም ከእጃቸው መጥፋት የለበትም፤ ምርመራውም በየጊዜው መቀጠል አለበት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ሕመሙ ገና በሰኞ የተወሰነ ከሆነ ከብናኙ መራቅዎ ብቻውን ብዙ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ከ6 ወር በኋላ ስፒሮሜትሪውን ደግመው ከመልቀቂያው ውጤት ጋር ያስተያዩት። የእንጨት ብናኝም ግን ለመተንፈሻ አካል የዋህ አይደለም፤ አስም ያስነሣል፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ወንድምዎ መጋዙን ሲያስነሣ ጆሮዎን ይሸፍኑ፣ ብናኙን ከመጥረግ ይልቅ የሚስብ መሣሪያ ይፈልጉ።

ለአሁኑ የቀን መቁጠሪያዎን ያውጡ። 19 ቀን ቀርቶዎታል፤ በዚያ ውስጥ ያለው ሰኞ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። እሑድ ከጩኸት ርቀው ከዋሉ፣ ሰኞ ማለዳ መጀመሪያ ጆሮዎን፣ ቀጥሎ ትንፋሽዎን፣ ፈረቃው ሲያልቅ እንደገና ትንፋሽዎን መለካት ይቻላልና ሁለቱም ምርመራ በአንድ ቀን ያልቃል። ደብዳቤው ላይ ምርመራው እንዲደረግልዎ የሚጠይቁት ቀን የመጪው ሰኞ ይሁን፤ እርሱ ካለፈ የሚተካው እንዲኖር።